ጎረቤቴ የፓርኩ ቦርድ አባል ሆነች

ከፓርኩ ጂም መግቢያ አጠገብ ባለች የመስታወት ሰሌዳ ውስጥ የፓርኩ አማካሪ ቦርድ አባላት ፎቶ ተለጥፏል። ከላይ በስተግራ ያለችው ጎረቤቴ ናት። ስትስቅ ነው ያነሷት፤ ድዷ ሳይቀር ይታያል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እንዳላያት ፊቴን ወደ ቅርጫት ኳስ ሜዳው አዞራለሁ፣ ግን ዓይን እምቢ ይላል፣ አይቻት ነው የማልፈው። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ላወጣለት አልፈልግም። ሰው ሲቀና "ኧረ ቅናት አይደለም፣ ፍትሕ ስለጎደለ ነው" ይላል። እኔም ለጓደኞቼ እንደዚያ ነው የምላቸው። እዚህ ግን እውነቱን ልናገር፤ ያ ቦታ የኔ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ብዬ፣ ዜግነቴን እንዳገኘሁ ወረቀታቸውን ጨርሼ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። እንደመጡ ሰሞን ምንም ነገር አልጥም አላቸው። እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ዝቅ ብሎ፣ ከአፓርትመንታችን መንገድ ማዶ ያለውን ፓርክ ሲያገኙ ግን ቀለል አላቸው። ከሜዳው በስተኋላ የሲሚንቶ ጠረጴዛዎች አሉ፤ የኛ ሽማግሌዎች ጠዋት ጠዋት እዚያ ተሰብስበው በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። አባቴ ዳማ ላይ ክፉ ናቸው። ያሸነፉትን ሰው ሳምንቱን ሙሉ ያበሽቁታል፣ እራት ላይ ደግሞ እንዴት እንዳሸነፉት ለኔ ይተርኩልኛል።

አንድ በጋ ላይ መሄዱን ተዉት። "ጉልበቴን አሞኛል" አሉ። ከዚያ ወዲያ ሶፋው ላይ ሆነው ቴሌቪዥን ማየት ብቻ ሆነ። እራት ላይ ወሬ ቀረ፤ ስጠራቸውም ቶሎ አይሰሙም። ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንዴት እንደሚያልቅ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። ፓልምስ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ እንከባከባለሁ፤ ከወንበር መነሳት የተወ ሰው ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ ነው የሚወርደው። አባቴን ወደ ዳማቸው መመለስ አለብኝ አልኩ። ካልተመለሱ እንደማጣቸው ታወቀኝ።

ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። በዚያው ዓመት ከተማው ከጠረጴዛዎቹ በላይ የነበረውን ትልቅ ዛፍ ቆርጦት ነበር። ሥሩ የእግረኛ መንገዱን ሰነጣጥቆት ስለነበር ሰው እንዳይወድቅ ነው ተባለ። ጠረጴዛዎቹ ፀሐይ ላይ ተሰጡ።

"አባባ፣ ፀሐዩ ነው እኮ ያስቸገርዎት" አልኳቸው።

"እሱም ነው" አሉ።

ከዚያ ከከተማው ጋር ተያያዝኩ። ደወልኩ። ፎቶ እያነሳሁ በስልኬ ላክሁ። "ጥያቄዎ ደርሶናል" የሚል መልስ ይመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ "ጥያቄዎ ተዘግቷል" የሚል ይከተላል፤ ማን እንደዘጋው፣ ለምን እንደዘጋው አይታወቅም። ከተማ ፓርክን እንዴት እንደሚያስተዳድር የተማርኩት ያኔ ነው። ዛፉ የአንዱ ክፍል ነው፣ የእግረኛ መንገዱ የሌላው፣ ጠረጴዛው ደግሞ የሌላው። ሣር የሚያጭደው ሰውዬ ስለ ዛፍ አያገባውም። በማሽን ቅጠል የሚያባርረው ሰውዬ ስለ ጠረጴዛ አያገባውም። ሁሉንም ጠይቄያለሁ። የፓርኩ ዳይሬክተር፣ ረጋ ያለ ረጅም ሰው፣ ገና ከሩቅ ሲያየኝ "አውቃለሁ፣ ጥላው" ማለት ጀመረ። ይህን የምናገረው ምን ያህል እንደለፋሁ እንዲታወቅልኝ ነው።

ጎረቤቴ ከኛ ሥር ያለው አፓርትመንት ውስጥ ትኖራለች። በዲቪ የመጣች፣ በመኪናዋ ሰው እያመላለሰች የምትሠራ፣ ከኔ በብዙ የምታንስ ልጅ ናት። በዚያን ጊዜ ፓርኩን በመኪና መስኮት ካልሆነ አታውቀውም ነበር። ዳይሬክተሩ ለሰፈሩ ሰው ስብሰባ ሲጠራ የኛ ሰው በዛ ብሎ እንዲታይ ብዬ ለምኜ፣ በራሴ መኪና ጭኜ የወሰድኳት እኔ ነኝ።

ስብሰባው ጂሙ ጎን ባለችው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ታጣፊ ወንበሮች፣ ብስኩትና ውሃ። ዳይሬክተሩ ቦርዱ ምን እንደሆነ አስረዳ። የሰፈሩ ሰዎች በፈቃደኝነት የሚቀመጡበት፣ በየወሩ እየተሰበሰበ ፓርኩ ምን እንደሚጎድለው ለከተማው የሚናገር ነው። አንድ ወንበር ክፍት ሆኗል አለና ወደኔ ዞረ። "አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለናል። ትፈልጊያለሽ?" አለኝ።

ልቤ ዘለለ። ግን በአንድ ቃል እሺ ይባላል እንዴ? እኛ ቤት ሹመት ቀርቶ ሁለተኛ ጭልፋ ወጥ እንኳ ሲመጣ መጀመሪያ "ኧረ በቃኝ" ይባላል። አቅራቢው "በሞቴ" ይላል፣ "አፈር ስሆን" ይላል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚበላው። እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ከኔ የሚሻል ሰው አይጠፋም፣ ሥራም ይበዛብኛል አልኩ። እንዳቀረቀርኩ በሞቴ እስኪለኝ ጠበቅኩ።

"በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ" አለ ሰውዬው። ከዚያ አጠገቤ ወደተቀመጠችው ዞሮ "አንቺስ?" አላት።

"ሹር" አለች።

አለቀ። ሰዎቹ አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብኩ። በመኪና ስንመለስ "እትዬ፣ አልፈልግም ስላልሽ እኮ ነው ኦኬ ያልኩት። ቢዚ ነኝ አላልሽም?" አለችኝ። "ምንም አይደል፣ እንኳን ደስ ያለሽ" አልኳት። ቀይ መብራት ልጥስ ምንም አልቀረኝም። በሌላ ቀን ዳይሬክተሩን ብቻውን አግኝቼ ሌላ ወንበር ሲለቀቅ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። "ሥራ ይበዛብኛል አላልሽም ነበር?" አለኝ በደግ ፊት። ለዚያ ሰው ይሉኝታን ከየት ጀምሬ ላስረዳው?

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ቻልኩት። በፓርክ ጽዳት ቀን ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ ጓንትና ከረጢት ስታድል አገኘኋት። "እትዬ፣ አንቺ በዚያ በአጥሩ በኩል ጀምሪ" አለችኝ። ያን አጥር እሷ ሎስ አንጀለስ ከመምጣቷ በፊት አውቀዋለሁ። ጎንበስ ብዬ የሰው ኩባያና የከረሜላ ወረቀት ስለቅም ዋልኩ፤ የሰደርያዋ ቀለም በሄድኩበት ሁሉ ይታየኛል።

ከሁሉ የባሰው ግን ቤቴ ውስጥ የሆነው ነው። ቦርድ ከሆነች ወዲህ፣ "ፓርኩን ድሮ እንዴት ትጠቀምበት እንደነበር ልጠይቅህ" እያለች አባቴ ጋ መውጣት አበዛች። "ጋሼ፣ ተነስተሃል?" ትላቸዋለች ገና ከበሩ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አባቴን አንተ ብዬ አላውቅም፤ ስቆጣ እንኳ አንቱ ብዬ ነው የምቆጣው። አንተ ስትላቸው አንድ ነገር ይሏታል ብዬ ጠበቅሁ። ሳቁ። ከሥራ ስመለስ በሩን ሳልከፍት የሁለቱ ሳቅ ይሰማኛል፤ ስገባ ያቆማል። "ሶ ጋሼ፣ ነገ እንተያይ፣ ጌታ ይባርክህ" ብላ ትነሳለች። ወጥ ቤት ገብቼ ድስቶቹን እያንኳኳሁ እደረድራለሁ።

"ደከመሽ?" ይላሉ አባቴ።

"ኧረ ምንም።"

ጥቂት ወራት ቆይቶ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። ከተማው ፓርኩን ሊያሻሽል ነውና የሰፈሩን ሰው ፍላጎት እንሰማለን ተባለ። ግድግዳው ላይ ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ ጥላ አለ፣ አዲስ ዥዋዥዌ፣ የውሻ ሜዳ፣ መብራት። ለሁሉም ሰው ትንንሽ አረንጓዴ ተለጣፊዎች ይታደላሉ፣ የሚፈልገው ሥዕል ላይ ይለጥፋል። እኔ የተሰጠኝን በሙሉ ጥላው ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ የቦርዱ አባላት ተራ በተራ ተናገሩ። ጎረቤቴ ስትነሳ ስለ ጥላ ልታወራ ነው፣ አሳቤን ልትወስድብኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

እሷ ግን ያነሳችው መጸዳጃ ቤቱን ነበር። ከሰዓት በኋላ ኳስ ተጫዋቾቹ ሲመጡ ብቻ እንደሚከፈት፣ ሽማግሌዎቹ ግን የሚመጡት ጠዋት እንደሆነና በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ቁልፍ እንደሚያገኙ ተናገረች። ሽማግሌ ሰው ሽንቱን ይዞ ብዙ መቆየት አይችልም ብላ ያለ ምንም እፍረት አስረዳች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ስለ ሽንት። መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። ከተማ የሚያህል ነገር ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ ምን ላድርግልሽ ሲል ሽንት ቤት ክፈትልኝ ይባላል? በቃ፣ ሌላ ሰው አጥተው ነው ወንበሩን የሰጧት አልኩ በሆዴ። ደስም አለኝ፤ መዋረዷን ሁሉም ሰው ያየው መሰለኝ።

ለጥላው የተሰጠው መልስ ረጅም ነበር። በጀት፣ መሐንዲስ፣ ከመሬት በታች ያለ የውሃ ቧንቧ፣ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ፈቃድ፣ ምናልባትም ዓመታት። ለመጸዳጃ ቤቱ ግን ቁልፍና የሚከፍት ሰው ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ዳይሬክተሩ የአንዱን ሠራተኛ የሥራ ሰዓት አሸጋሸገና በሚቀጥለው ሳምንት ጠዋት ላይ ተከፍቶ አገኘነው።

አባቴ በዚያው ሳምንት "ኮፍያዬን አየሽው?" አሉኝ።

"ጉልበትዎስ?" አልኳቸው።

"ተሻለኝ።"

ደስ አለኝ፣ ተቃጠልኩም። እኔ ስለምናቸው ያልተነሱት ሰውዬ እሷ ስለጠራቻቸው ተነሱ ብዬ ደመደምኩ። እራት ላይ የዳማው ወሬ ተመለሰ፤ እየሰማሁ እስቃለሁ፣ ግን በየመሀሉ የሷ ስም ይገባል። ፌርፋክስ ላይ እንጀራ የምገዛበት ሱቅ ስሄድ ባለቤቲቱ "ያቺ ባዝሩሙን ያስከፈተችው ልጅ ጎረቤትሽ ናት አሉ" አለችኝ።

"ወደ ሚቲንጉ የወሰድኳት እኔ ነኝ" አልኳት።

"ጎበዝ ናት" አለች፣ እንጀራዬን ከረጢት ውስጥ እየከተተች።

አንድ ቅዳሜ ሥራ ስላልነበረኝ አባቴን ተከትዬ ፓርኩ ሄድኩ። ጨዋታው ሞቅ እንዳለ ጎረቤቴ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ሰላም ልትል መጣች። አባቴ ዳማውን ትተው ተነሱ። "ነይ ልጄ" አሉና እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። ክፉ አይንካሽ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ እመብርሃን ከመንገድ ክፉ ትጠብቅሽ አሏት። ልጅቷ ፕሮቴስታንት ናት፤ እመብርሃን ሲሏትም አንገቷን ሰብራ "አሜን" አለች። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አሜን አሉ። እኔ የአባቴን ጃኬትና የውሃ ጠርሙስ ይዤ ቆሜ ነበር። አሜን ማለት ነበረብኝ፤ ከንፈሬን ብቻ አነቃነቅሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ መሻገሪያው ላይ ቆመን መብራቱን ስንጠብቅ መቻል አቃተኝ።

"አባባ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ከከተማው ጋር የተሟገትኩልዎ እኔ ነኝ" አልኩ።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ እሷ ምን ስላደረገች ነው?"

መብራቱ ተለወጠ፣ ግን እግራቸውን አላነሱም። ዓይናቸውን ከመኪኖቹ ሳያነሱ "ሽንቴ አልያዝ ብሎኝ ነበር" አሉ። "ያን ጊዜ የፓርኩ ሽንት ቤት ተቆልፎ ወደ ቤት ስሮጥ፣ እዚህች ቦታ ላይ መብራት ስጠብቅ አመለጠኝ። ሱሪዬን አንቺ ሳትመጪ አጥቤ ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲያ መውጣት ፈራሁ።"

እኔ ማለዳ ማለዳ ፓልምስ ሄጄ የሰው አባት የማጥብ ሰው ነኝ። አመለጠህ ወይ፣ ሌሊት ተነሳህ ወይ ብዬ ሳላፍር እጠይቃለሁ፣ እሱም ሳያፍር ይመልስልኛል።

"ለኔ ምነው ሳይነግሩኝ? ሥራዬ እኮ ነው" አልኳቸው።

"ለልጅ ይነገራል እንዴ?"

"ለጎረቤትስ ይነገራል?"

ቅር ያላቸው መሰሉ።

"አንቺማ ፀሐዩ ነው አልሽኝ፣ እኔም እሺ አልኩሽ" አሉ። "እሷ ግን ምን ሆነህ ነው የቀረኸው ብላ ጠየቀችኝ።"

መብራቱ እንደገና ተለወጠ። ክንዳቸውን ይዤ ተሻገርን። በዚያች ሰዓት በዚያች ልጅ ላይ የቀናሁትን ያህል በማንም ቀንቼ አላውቅም።