ቢጫው መጽሐፍ፣ ቁጥር አራት

እናቴ ጥቁር አዝሙድ ግዢ ብላ ላከችኝ። ሐጂ ሱቅ ገባሁ። ሐጂ እንደ ልማዳቸው ከባንኮኒው ሥር ካለው ክምር አንድ ወረቀት መዘዙ፣ በጣታቸው ጠቅልለው እንደ ጥሩምባ አሾሉት፣ አዝሙዱን ሞልተው ጫፉን አጠፉልኝ። ቤታችን ዓባይ ማዶ ነው። ድልድዩ መሀል ስደርስ ያ ሰንፋጭ ሽታ አፍንጫዬን ነካኝና ጥቅልሉን ዝቅ ብዬ አየሁት። ከዘይት ነጠብጣቡ አጠገብ እንዲህ ይላል፦ «ጉርጥ! ጉርጥ! ዘለሽ ውሃ ግቢ!» ብለው ክፍሉን በሳቅ አናወጡት።

ቆምሁ። እዚያ ድልድይ ላይ ደግሞ መቆም አይፈቀድም።

«አንቺ! እለፊ! ምን ይገትርሻል?» አለኝ ጠባቂው ወታደር።

«እያነበብሁ ነው።»

«ድልድይ ቤተ መጻሕፍት ነው እንዴ? እለፊ ብያለሁ!»

አለፍሁ፤ ግን ወደ ቤት ሳይሆን ዞሬ ወደ ሐጂ ነው። እንዲህ ነኝ፤ አንድ ነገር ከቆረቆረኝ መቀመጥ አልችልም። እናቴ «መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ» ትለኛለች።

«ምነው፣ አነሰሽ?» አሉኝ ሐጂ።

«አዝሙዱ አይደለም ሐጂ። ይህ ወረቀት የተገነጠለበት መጽሐፍ አለ?»

ጎንበስ ብለው ክምሩን አገላበጡ። «የፊተኛው በበርበሬ አልቋል። መካከሉ ትናንት በጨው ሄደ። መጨረሻው ይኸውልሽ። ውሰጂው፤ ግን በምትኩ ሌላ ወረቀት አምጪልኝ። እኔ አዝሙድ በመዳፌ አልሰፍርም።»

በማግስቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የፊዚክስ ደብተሬን ወሰድሁላቸው። የማትሪክ ውጤቴን ካየሁ ወዲህ ደብተሩ ለአዝሙድ ብቻ ነበር የሚሆነው። አዝሙዱን በገዛሁበት ቀን ግን የቀሩትን ቅጠሎች ይዤ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጥሁ፤ ተነሳሁ፤ ደግሞ ተቀመጥሁ።

መጽሐፎቹ ስድስት ነበሩ። ሁሉም ሽፋናቸው ቢጫ ስለነበር በርእሳቸው አንጠራቸውም፤ ቢጫው አንድ፣ ቢጫው ሁለት እያልን ነበር። የአንድ ክፍል ልጆች ታሪክ ነው። ፈርጣማ ልጅ አለ፤ አስተማሪ የሚወዳት ጎበዝ ልጅ አለች፤ ዓይኗ ጎላ ጎላ ያለ ቀጭን ልጅ ደግሞ አለች። እሷን ነው ጉርጥ የሚሏት። ደብተሯን ይደብቁባታል፣ ወንበሯ ላይ ውሃ ያፈሱባታል፣ ስትነሳ «ጉርጥ ከረግረግ ወጣች» ይሏታል። እኛ አምስተኛ ክፍል ነበርንና ከዚያ የበለጠ የሚያስቅ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለንም ነበር።

አባቴ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነው። አዲስ አበባ በተላከ ቁጥር አንድ ቢጫ ይዞልኝ ይመጣል። በትምህርት ቤታችን ሌላ ማንም አልነበረውም። ስለዚህ በረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር እኔ አነባለሁ፣ ክፍሉ ከቦኝ ይሰማል። የፈርጣማውን ድምፅ አጎርንኜ፣ የጎበዟን አቅጥኜ። የማንጎው ቅጠል መሬቱን በብርሃን ይነጠብጠዋል፤ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል የርጥብ ሣር ሽታ ያመጣል። ስስቅ ይስቃሉ፤ ዝም ስል ይጠብቁኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ሰው እንደዚያ የሰማኝ ቀን የለም።

ዓመቱ ሲጋመስ አንዲት ልጅ መጣች። አባቷ ታንኳ ሠሪ ናቸው፤ ከከተማው ጫፍ፣ ታንኳ የሚሠራበት ሣር፣ ደንገል፣ ከሚበዛበት ዳር ነው የሚኖሩት። ቀበሌው ልጁን ያላስመዘገበ ይጠየቃል እያለ ቤት ለቤት ሲዞር ነው የተመዘገበችው። በዕድሜ ስለምትበልጠን አምስተኛ ክፍል አስገቧት፤ ንባብ ግን ገና ፊደል እየቆጠረች ነው። አስተማሪያችን አጠገቤ አስቀመጧት። የጭስ፣ የርጥብ ደንገልና የዓሣ ሽታ ነበራት። እኔ ሽታውን አልጠላሁትም። ይህን የምለው ዛሬ ጥሩ ሰው ለመምሰል አይደለም፤ ስላልጠላሁት ነው። በሦስተኛው ቀን ጣት የምታህል የደንገል ታንኳ ሠርታ ደብተሬ ላይ አስቀመጠችልኝ። አፍንጫዋ እንደ ትልቁ ታንኳ ሽቅብ ቀና ያለ፣ ወገቧ በቀጭን ልጥ የታሰረ።

ማንጎው ሥርም ትመጣለች። ትሰማለች፤ አትስቅም። አንድ ቀን ደወል ተደውሎ ሌሎቹ ሲሮጡ እሷ ቀረች።

«ያቺ ልጅ ለምን አትናገርም?» አለችኝ።

«የትኛዋ?»

«ጉርጥ የሚሏት። ሁሉም ይናገራሉ። እሷ ብቻ ዝም።»

«መጽሐፉ ነዋ! እንደዚያ ተጽፎ!»

«የጻፈው ሰው አልጠየቃትም?»

ሳቅሁባት። መሳቅ ብቻ አይደለም፣ ሮጬ ለሌሎቹ ነገርኋቸው። መጽሐፍ ውስጥ ያለችን ልጅ ሰው ይጠይቃታል ትላለች ብዬ። ክፍሉ በር ላይ እየተያዝን ሳቅን።

«እኛም ጉርጥ አለችን በሉኛ!» አለ የክፍል አለቃው።

«ጉርጥማ የነሱ ናት» አልሁ እኔ። ዝም አሉ፤ ይጠብቁኛል። ያን ዝምታ እወደው ነበር። «የኛዋ የሐይቅ ናት። አምባዛ ናት።»

አምባዛ ጺም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው፣ ጭቃ የሚወድ ዓሣ ነው። በማግስቱ ግጥም ወጣላት፦ «አምባዛ፣ አምባዛ፣ ጺምሽን ተላጪ፣ ከክፍላችን ውጪ!» ግጥሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ስሙን ግን እኔ ነኝ። የቀረውን ከቢጫዎቹ ወሰድን። ደብተሯን ደበቅን። ወንበሯን አራስን፤ ወንበሯ የኔም ወንበር ስለሆነ እኔም ርጥብ ላይ ተቀመጥሁ። ይኸም አሳቀን።

እሷ ሳምንታት ዝም አለች። አንድ ሐሙስ አለቃው ጺም ነው ብሎ አገጯ ላይ ክር ሊያስር ሲል በጥፊ አለችው።

ያኔ የዓርብ የመጨረሻዋ ክፍለ ጊዜ የሂስና የግለሂስ ነበረች። ትልልቆቹ በቀበሌና በመሥሪያ ቤት የሚያደርጉትን እኛም በቁምጣችን እናደርገው ነበር። ያጠፋ ይነሳል፣ ጥፋቱን ይናገራል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይቀመጣል። ቢጫው አራትም የሚያልቀው በዚሁ ነው። ፈርጣማው በክፍሉ ፊት ቆሞ ያለቅሳል፣ ጉርጥ «ይቅር ብያለሁ» ትላለች፣ ሁሉም ያጨበጭባሉ። ያን ገጽ በቃሌ እወጣዋለሁ። ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት እንደገባሁ መስተዋት ፊት ቆሜ ተለማመድሁት። መጸጸቴ ውሸት አልነበረም። ጭብጨባውንም ግን ፈልጌዋለሁ። ሁለቱ ሆዴ ውስጥ አንድ ላይ ነበሩ፤ ዛሬም ለይቼ ላወጣቸው አልቻልሁም።

ዓርብ «ግለሂስ ያለው ይነሳ» ሲሉ ተነሳሁ።

«ለጓደኛዬ የማይገባ ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያለ ምንም ማወላወል ጥፋቴን አምናለሁ» አልሁ። እንባዬም በሰዓቱ መጣ። ክፍሉ አጨበጨበ።

«ጎበዝ! ግለሂስ ማለት ይህ ነው!» አሉ አስተማሪያችን። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺስ? ይቅር ብለሻታል?»

«አላልሁም።»

ቀስ ብላ ነው ያለችው። ቁጣ የለበትም። እርሳስ አለሽ ወይ ሲሏት የለኝም እንደምትለው ነው።

«ምን አልሽ?»

«አላልሁም፣ ጋሼ።»

«ጓደኛሽ በሰው ፊት አልቅሳ! ቂም መያዝ የኋላቀር አስተሳሰብ ነው። ልጅም መትተሻል። በይ ቁሚና ግለሂስሽን አድርጊ!»

«በመምታቴ አጥፍቻለሁ» አለች። «ይቅር ግን አላልሁም።»

«እንግዲያው እስክትይ ትቆሚያለሽ።»

ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ቆመች። በሚቀጥለው ዓርብም ቆመች። በሦስተኛው ዓርብ አስተማሪያችን እንዲህ ያለ ጠባይ ይዛ ወደ ስድስተኛ እንደማትዛወር ነገሯት። የተጠየቀችው አንዲት ቃል ነበረች፤ ብትላት ትቀመጣለች፣ ትማራለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የቀሚሷን ጠርዝ አያለሁ። ቀሚሷን ጎተትሁና «በይው በቃ! አንዴ በይና ተቀመጪ!» አልኋት በሹክሹክታ።

ቁልቁል አየችኝ። «አሁንም የምለውን የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ?» አለች።

መነሳት እችል ነበር። ጋሼ፣ ይተዋት፣ እኔም ብሆን አልልም ማለት እችል ነበር። ምላስ አላጣሁም እኮ! አልተነሳሁም። ያን ጭብጨባ መልሰው እንዳይወስዱብኝ ፈራሁ።

በአራተኛው ዓርብ አልመጣችም። ወንበሩ ሰፋልኝ። ማንም «የት ሄደች?» አላለም፤ አለቃው ብቻ «አምባዛ ወደ ውሃዋ ገባች» አለና ጥቂቶች ሳቁ። እኔን ነበር የሚያዩኝ፤ እስክስቅ።

ቅዳሜ ጧት ቢጫው አምስትን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ዳር ወረድሁ። ያደሩ ታንኳዎች እንዲደርቁ እንደ ሰው ቀጥ ብለው ቆመዋል። አባቷ ርጥብ ደንገል በጉልበታቸው ተጭነው ያስራሉ።

«ደህና አደሩ» አልኋቸው።

«ደህና፣ የኔ ልጅ። የማን ነሽ?»

«ከልጅዎ ጋር ነው የምማር። አጠገቧ ነው የምቀመጥ።»

ፊታቸው በራ። «ውይ! አንባቢዋ አንቺ ነሽ? እየመጣች ትነግረናለች እኮ! የዚያችን የጉርጥን ነገር። አይ ምላስ! ለዚያ ለፈርጣማው ስትመልስለት እኮ እናቷ ሥራ አስፈታሽን እያለች ትስቃለች! ሰሞኑን ደግሞ ታሪኩ አለቀ ብላ ዝም አለችን። በእውነት አለቀ?»

ጉርጥ ለፈርጣማው መልሳለት አታውቅም። ከቢጫው አንድ እስከ አራት ፈልጉ፤ የለም። ልጅቷ ከማንጎው ሥር የሰማችውን ታሪክ ቤቷ ስታደርስ ለዚያች ዝም ላለች ልጅ አፍ ትሰጣት ነበር ማለት ነው። እኛ እሷን አምባዛ እያልን ስንጨፍር፣ ማታ እዚህ ዳር ጉርጥ ፈርጣማውን በነገር ታንበረክከዋለች፤ አንድ ቤተሰብ በሙሉ ይስቃል።

እሷ ከውሃው በኩል መጣች። ደንገል ተሸክማለች፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። አየችኝ፤ ሸክሟን አወረደች። መጽሐፉን ዘረጋሁላት። ላለቅስ ዝግጁ ነበርሁ፤ ግን እዚያ የሚያጨበጭብ የለም፤ እንባውም አልመጣም።

«ላንቺ ነው» አልሁ።

ሽፋኑን አየችው። «በዚህኛውስ ትናገራለች?»

«አዎ» አልኋት።

ዋሸሁ። ቢጫው አምስት ውስጥ ጉርጥ ጭራሹንም የለችም። ትምህርት ቤት ለቀቀች እንኳ አይልም። ፈርጣማው የስፖርት ቡድን መሪ ሆኖ ዋንጫ ያመጣል፤ ጸሐፊው እሷን ረስቷታል። እኔ አንብቤው አውቃለሁ።

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ተቀበለችኝ። «ንባቡን ስጨርስ አየዋለሁ» አለች። አባቷም «አየሽ፣ አላለቀም!» ብለው ሳቁ። እኔ ሩጫዬን ወደ ቤቴ ለቀቅሁት። ልጅ ሳለሁ ሁለተኛ ወደዚያ አልወረድሁም። ንባቡን ትጨርስ አትጨርስ አላውቅም። ብትጨርስ፣ ዋሾነቴን ያወቀችው ያን ቀን ነው።

አዝሙዱን የገዛሁ ዕለት ዋርካው ሥር የሐጂን ቅጠሎች ሦስት ጊዜ አነበብኋቸው። አዝሙድ አዝሙድ ይሸታሉ። በልጅነቴ ያስለቀሰኝ የፈርጣማው ንግግር ሁለት ገጽ ተኩል ነው። የጉርጥ ሁለት ቃል ነው። ከዚያ ጭብጨባ። መጽሐፉን ወደ ሐይቁ ልወረውረው እጄን አነሳሁና ተውሁት። የተቆጣሁት ለጸሐፊው ነው ልበል? ጸሐፊው እሷን አያውቃትም። አጠገቧ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። ቢጫዎቹ ስድስቱም የኔ ነበሩ፤ ያ ዳር ላይ ይነገር የነበረውን ግን አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁትም። ጉርጥ ለፈርጣማው ምን ብላ እንደመለሰችለት ለማወቅ ምን ባልሰጥ!

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እግሬ ወደ ዳር ይወስደኛል። እንጨት የጫኑ ታንኳዎች በጧት ይገባሉ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እንጨት ታወርዳለች። ከትከሻዋ ሰፋ ብላለች። ስትዞር አገጯን ያነሳችበት ሁኔታ ያቺን ዓርብ ዓርብ የቆመችውን ልጅ አስታወሰኝ። እሷ ትሁን አትሁን አልምልም። ስሟን ልጠራ አንድ እርምጃ ወደ ውሃው ተጠጋሁና አፌን ከፈትሁ።

ምላሴ ላይ መጀመሪያ የመጣው ያ እኔ ያወጣሁላት ስም ነበር።

አፌን ዘጋሁ። ሴትዮዋ የመጨረሻውን እንጨት አወረደች፣ ታንኳዋን ከውሃው ጎትታ አወጣች፣ እንዲደርቅ ቀጥ አድርጋ አቆመችው፣ ሄደች።