መብራት የጠፋበት ብልቃጥ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ መርሳትም አልፈለግሁም።

ሲግናል አካባቢ በአንዲት ጠባብ ላቦራቶሪ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራችን የእብድ ውሻ በሽታን ቫይረስ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በባክቴሪያ ማምረት ነበር፤ ሙሉውን ሳይሆን ቫይረሱን የሚጨብጠውን ቁራጭ ብቻ። የቁራጩን ጂን ባክቴሪያው ውስጥ እናስገባለን፤ ባክቴሪያው በሰው ገላ ሙቀት በሚነቀንቅ ማሽን ውስጥ ሆኖ ቁራጩን ይሠራልናል። ችግሩ፣ የሚሠራው ሁሉ እንደ ተበላሸ ወተት እየተጓጎለ ይዘቅጣል። የተጓጎለ ደግሞ ቫይረስ አይዝም።

አለቃችን አንድ ሕግ ነበረው፤ መብራት የጠፋበት ብልቃጥ ይደፋል፣ ደብተር ላይም አይጻፍም። «እርዳታ ሰጪዎቹ ደብተሩን ያዩታል፤ አታሰድቢን» ይለኝ ነበር።

አንድ የሐምሌ ረፋድ መብራት ሄደ። አለቃችን ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ግን የሁለት ሳምንት ልፋቴን መድፋት አንጀቴ እንቢ አለኝ። የእንጦጦ ብርድ በመስኮት እየገባ፣ ብልቃጡን በእጄ እየነቀነቅሁ ዋልኩ። በማግስቱ ቁራጩ ጠርቶ ወጣ፤ ስንፈትነውም ቫይረሱን ያዘ። ውጤቱን ደብተሩ ላይ ጻፍኩ። ብርዱንና የዛለ ክንዴን፣ በሕጉ መሠረት፣ አልጻፍኩም።

አለቃችን ደብተሩን ወሰደና ሥራውን በስብሰባ ላይ በራሱ ስም አቀረበ። የእኔ ስም የትም አልነበረም። ስጠይቀው «ገና ልጅ ነሽ፤ ጊዜሽ ይመጣል» አለኝና ዕቃ አጠባ ላይ መደበኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ማጠቢያው ጋ ቆምኩ።

ከዚያ መብራት እንዳያስቸግረው ጄኔሬተር አስገዛ። ማሽኑ አንዴም ሳይቀዘቅዝ ይሠራል፤ ቁራጩም አንዴም ሳይሳሳት ይጓጎላል። ብልቃጦቹን የማጥበው እኔ ነኝ። ዝቃጩን ከሥር ስፍቅ ድምፄን ዝቅ አድርጌ መዝሙር እዘምር ነበር። እንደዚያ ሰሞን ዕቃ ማጠብ ወድጄ አላውቅም።

በስድስተኛው ወር እርዳታ ሰጪዎቹ ሥራውን በዓይናቸው ሊያዩ መጡ። የተጓጎለውን ሲያዩ አለቃችን ላብ አጠመቀው፤ ዞር ብሎ አየኝ።

«እስቲ ንገሪያቸው፤ ያኔ እንዴት ነበር ያደረግነው?»

«መብራት ጠፍቶ እርስዎ ቤትዎ ሄደው ነበር» አልኩት። «በብርድ፣ በእጄ ነቅንቄ ነው የሠራሁት። ሙቀቱ ነው የሚያጓጉለው። ደብተሩ ላይ ያልተጻፈው እርስዎ አይጻፍ ስላሉ ነው።»

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ፀጉራቸው የሸበተ እናት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን ሁሉ ወር ታውቂ ነበር?»

«አዎ። ዛሬ ገና ነው የተጠየቅሁት።»

ሴትየዋ አላመሰገኑኝም። «በስድስት ወር ስንት ሰው በእብድ ውሻ ይነከሳል» ብቻ አሉ።

አሁን ማሽኑን ቀዝቀዝ አድርገን ነው የምንሠራው፤ ስሜም ከአለቃችን ስም በፊት ይጻፋል። እሁድ እሁድ ወሰን ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ይቅርታ ሲሰበክ «አሜን» እላለሁ። የሴትየዋ ቃል ያኔ ይቆጠቁጠኛል። ቀጥሎ ግን የአለቃችን ፊት ትዝ ይለኛል፤ እግዚአብሔር ይየኝ፣ አሁንም ደስ ይለኛል።