የአያቴን ስመ ክርስትና ፍለጋ ወደ ቁንዝላ

ማክሰኞ ንጋት፣ ባሕር ዳር

ገና ሳይነጋጋ ከቤት ወጣሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቀበሌው የሰጠኝ የይለፍ ወረቀት ደረት ኪሴ ውስጥ ነው፤ አሁንም አሁንም እዳብሰዋለሁ። ጀልባው ዘንድ ጠመንጃ ያነገተው ጥበቃ ወረቀቱን ገለባብጦ ያይና፣ «ቁንዝላ ምን አለህ?» ይለኛል።

«ዘመድ ልጠይቅ ነው።»

ውሸቴን ነው። ቁንዝላ ያለኝ የሞተ አያት ብቻ ነው። እናቴ ጡት ሳትጥል፣ ሁለት መኳንንት ተጣልተው አገሬው እርስ በርሱ ሲተላለቅ፣ እኔ እንኳ ሳልታሰብ እዚያ የወደቀ። «የመኳንንት ወታደር ፍለጋ» ብል በዚህ በአብዮቱ ዘመን ጣጣው ለቤተሰቡ ሁሉ ነው።

እናቴ በጠና ታማለች። «ሳልሞት ለአባቴ ፍትሐት ላድርስለት» ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። ቄሱ ደግሞ በዓለም ስሙ አድማሱ ብለው አይፈቱትም፤ የክርስትና ስሙን ይፈልጋሉ። ስሙን የሚያውቅ ከዘመድ አንድም አልተረፈም።

ቀትር፣ ሐይቁ ላይ

ጀልባው በጌሾ እስር፣ በጆንያና በዶሮ ተጨናንቋል። ነፋሱ በረታ። ዋና የሚባል አላውቅም! አጠገቤ የተቀመጡ የቁንዝላ ሴት ቆሎ ቢዘግኑልኝ አልወርድልህ አለኝ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትህ አመድ መሰለ?»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ የአያቴን ነገር ነገርኋቸው።

«ያን ጦርነት ያዩ አያ ሞላ ብቻ ናቸው የቀሩት» አሉ። «ግን ሲያነሡባቸው አይወዱም።»

ይባስ ጨነቀኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ቁንዝላ

አያ ሞላ ደጃቸው ላይ ገመድ ይገምዳሉ። «ግባ፣ የእግዜር እንግዳ!» አሉኝ። ሚስታቸው ዳቦና ጠላ አቀረቡ። እጄን ወደ ዳቦው እየሰደድሁ የአያቴን ስም አነሣሁ።

«እንዳትቆርስ!» አሉ ሽማግሌው።

አለቀልኝ አልሁ። ካድሬ ሊያስጠሩብኝ መስሎኝ በሩን አየሁ። የሳቸውም ዓይን ግን ከበሩ ላይ ነው።

«ወንድሞችህ ውጭ ናቸው? መሣሪያ ይዘሃል?»

«ኧረ ምን መሣሪያ! የክርስትና ስሙን ፈልጌ ነው የመጣሁ።»

«የገደልሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ደም ያለበት ሰው፣ ሳይናገር ለሟች ወገን እህል አያቀርብም። አሁን ነገርሁህ።»

ደሜ ፈላ። እሳቸው ቀጠሉ፤

«ሲያጣጥር ጠራኝ። ‹እዚህ ወገን የለኝም፤ አድማሱ እባላለሁ፣ ክርስትናዬ ወልደ ገብርኤል ነው፣ ለቄስ ንገርልኝ› አለኝ። ጢም እንኳ አላወጣሁም ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ በያመቱ ስሙን አስጠራለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥርም ወገኖቹ መጡ እያልሁ እደነግጣለሁ።»

ዳቦው ፊቴ ተቀምጧል። መቁረስ አልቻልሁም። ሳልሰናበታቸው ወጣሁ።

ዓርብ፣ ባሕር ዳር

«ወልደ ገብርኤል፣ ወልደ ገብርኤል» እያለች እናቴ አለቀሰች። ከዚያ የማን አፍ እንደ ነገረኝ፣ ዳቦም እንደ ቀረበልኝ ስትሰማ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«ዳቦውን ቆረስህላቸው?»

«አልቆረስሁም።»

«ምነው ልጄ! እኛ ስሙ ጠፍቶን ስንቀመጥ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያስጠሩለትን ሰው እንዲያ ጥለህ መጣህ? ተመለስና አምጣቸው። ያለሳቸው ተዝካር አላወጣም።»

«ገድለውታል እኮ፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ። አምጣቸው።»

ሰኞ ንጋት፣ ባሕር ዳር

ጥበቃው ያው ነው። አዲሱን የይለፍ ወረቀቴን አገላብጦ ቀና አለ።

«ደግሞ ቁንዝላ? እዚያ ምን አለህ?»

«ዘመድ አለኝ» አልሁት።