ባለቁጥሮቹ ድንጋዮች

ጋሽ ገብረየስ ጎንደር ላይ የግንብ ጥገና ባለሙያ ነበሩ። ሙያውን የተማሩባት የጃፓን ከተማ ዛሬ ባቡርና ፎቅ ብቻ ብትመስልም፣ ጥንታዊ ግንቧ ሲጠገን እያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ተጽፎበት ይነሳና ቦታው ይመለሳል። አሁን እሳቸውም እኔም በስደት፣ ክሪስታል ሲቲ ውስጥ አብረን የሰው መኪና ፓርክ እናደርጋለን።

ባለፈው የፓርኪንጉ አሮጌ የድንጋይ አጥር ሊጠገን ነው ሲባል፣ ማንም ሳያዛቸው ማልደው ገብተው ድንጋዩን ሁሉ በጠመኔ ቁጥር ጻፉበት። ማናጀራችን መቼ ይገባዋል! «ግድግዳ አቆሸሽክ» ብሎ ዋርኒንግ ሰጣቸው፤ በገዛ እጃቸውም አሳጠባቸው። ጥገና አሉት ደግሞ! ግንበኞቹ መጥተው ድንጋዩን ገልብጠው ጣሉና ኮንክሪት ሞሉበት።

እኔስ ከማናጀሩ በምን እሻላለሁ? አብሬያቸው ስሠራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ሙያቸውን የጠየቅኳቸው ግን ያን ቀን፣ የማጠቢያውን ባልዲ ይዤላቸው ነው።