ፈረሰኛው የጠፋ ዕለት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘረዝር ይህችን በጉያዬ ሸሽጌ ተመለስኩ! ለእናንተ ግን ልናገር፤ እርጅናው መጣ።

የካ ላይ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከባሌ ከወልዴና ከታላቅ እህቱ ከእትዬ በለጠች ጋር እኖር ነበር። ባሏ ሞቶባት ወንድሟ ዘንድ የተጠጋች ሴት ናት። እኔ አልወለድኩም። ታዲያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ባዋራችው ቁጥር «ሌላ አግባ እያለችው ነው» እል ነበር። ቢስቁ በእኔ ነው፤ ዝም ቢሉም በእኔ ነው። አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ? አልሰማሁም!

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ወልዴ እንጦጦ ላይ የአንድ ፈረንጅ ቤት ሲሠራ ውሎ፣ እንደ ሰንበሌጥ ቀጥ ያለ ደረቅ ሊጥ ይዞ ገባ። ኋላ ፓስታ እንደሚባል ሰማሁ። ርቦታል፤ ዶሮ ባርኮ ሰጠኝና «ቶሎ በይ» አለኝ። ክረምት ነው፤ እርጥቡ ጥድ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ዶሮዋን አሥራ ሁለት ብልት አውጥቼ አልጫ ጣድኩ። ያንን ሊጥ ደግሞ ምን ላድርገው? በሌላ ድስት እንደ ገንፎ አማሰልኩት፤ እንዲጣፍጥ ብዬ ከዶሮው መረቅ በጭልፋ እየቀዳሁ ጨመርኩበት። ጭሱ ዓይኔን አጥፍቶታል። ሊጡ ተያይዞ ጓል ሲሆን አፈርኩና ከድኜ ወደ ጓዳ ገፋሁት።

ወጡን ሳወጣ ፈረሰኛው የለም። የአባወራው ብልት! እትዬ በለጠች ቅድም በገል አመድ ይዛ ወደ ጓሮ ወጥታ ነበር። አመድ መሆኑን አይቻለሁ። ግን ጣቴን ቀሰርኩባት፤ «ለጠንቋይ ልትወስደው ነው፤ ከባሌ ልታጣላኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ወንድሜ፣ ያንተን ብልት? እኔ?» አለች። ወልዴ አንገቱን ደፋ። እንደ ልማዷ ድስት ልታጥብልኝ ብትነሳ «እጅሽን ከድስቴ አንሺ!» ብዬ ነጠቅኳት። በማግስቱ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ኮተቤ ዘመዶቿ ሄደች።

ወዲያው ጓሉን ለውሻ ብፈነቅለው ፈረሰኛው ከመሃሉ ወጣ። በጭልፋ ቀድቼ እዚያ የከተትኩት እኔ ነኝ። እትዬ በለጠች ገና ቁልቁለቱን አልጨረሰችም፤ ከደጄ ትታየኛለች። አንድ ጊዜ ብጣራ ትሰማኝ ነበር። እኔ ግን ለውሻው ጣልኩለት፤ እስኪጨርስም ቆሜ ጠበቅሁ። እሰይ፣ ተገላገልኩ አልኩ። አዎ፣ ብያለሁ።

ለፋሲካ ዶሮ ላከችልን፤ «ፈረሰኛውን ለወንድሜ አቅርቢልኝ» ብላለች። ሠራሁ፤ አሥራ ሁለቱን ቆጥሬ አቀረብኩ። ወልዴ ፈረሰኛውን አይቶ እንባው መጣ። «የሌባ ዶሮ አልበላም፤ አንቺው ብዪው» ብሎ ወደ እኔ ገፋው። እሷም ዓመት ሳይሞላት፣ ሌባ እንደተባለች ሞተች።

ጭሱ ነው፣ ችኮላው ነው አልልም። ይቅር በሉኝ ለማለትም አፌ አይደፍርም። ያን የፋሲካ ዕለት አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። እኔ ግን ፈረሰኛውን አንስቼ በላሁት።