ሰማያዊው ዓምድ ወጣ ወይስ ወረደ?

ዛሬ ሮቢት አጠገብ ገበሬዎች አጨበጨቡልኝ። እኔ ግን ጭብጨባውን ማስቆም ነበረብኝ።

ሥራዬ የመስኖ ጉድጓዶችን ውሃ መለካት ነው። የአምስት ዓመቱን ልኬት በአምስት ሰማያዊ ዓምዶች ወረቀት ላይ ሥዬ በመስኖ ማኅበራቸው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። የዘንድሮው ከሁሉም ይረዝማል።

"አልሐምዱሊላህ! ውሃችን ወጣ!" አለ አንዱ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ወዲያው ተነሳ። "እንግዲያው የሽንኩርቱን ማሳ እጥፍ እናድርገው። የምትደግፉ እጅ አውጡ!" እጁ ሁሉ ወጣ።

ዓምዱ የሚያሳየው ግን ውሃው ወደ ታች ስንት ሜትር እንደራቀን ነበር። ሰማያዊ የቀባሁት ያምራል ብዬ ነው። (አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ለዚህ ነው!)

ላስረዳ ተነሳሁ። ያኔ አያ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ወደ ግድግዳው መጡ።

"ልጄ፣ ይሄ ዓምዱ ላይ ያለው ቁጥር የምንድን ነው?"

"የመለኪያው ገመድ ውሃ እስኪነካ የወረደበት ሜትር ነው፣ አያ።"

"ታዲያ ገመድ ሽቅብ ይወርዳል እንዴ?"

ወረቀቱን ነቅለው ዘቅዝቀው ለጠፉት። አምስቱ ዓምዶች እንደ ጉድጓድ ገመድ ቁልቁል ተንጠለጠሉ። (ዓመቶቹም ከቀኝ ወደ ግራ ዞሩ፤ ከቀኝ የሚነበበውን ቁርኣን እየቀሩ ላደጉት ለእሳቸው ቀጥታው ይኸው ነው።)

"የዘንድሮው ከወረቀቱ ጫፍ ደርሷል" አሉ ቀስ ብለው። "የከርሞውን የት ልትሥለው ነው?"

የወጣው እጅ አንድ በአንድ ወረደ።

እናንተ ጋስ ጉድጓዱ እንዴት ነው? ጻፉልኝ። ብቻ "ወጣ" ካላችሁኝ፣ እባካችሁ ምኑ እንደወጣ ጨምሩበት።