በእንሰት ቅጠል ላይ የተተኮሰ መለያ

ዘንድሮ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊደርስ ሲል የገጠመኝ ነው። ሶዶ ገበያ ውስጥ ስነግድ ኖሬ ሰው አሞግሼ አላውቅም፤ ሙገሳ ለዕቃ ነው። ይህችን ልጅ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ፌስታል ከተከለከለ ወዲህ የእንሰት ቃጫ ቦርሳ እሸጣለሁ። የሚሠሩልኝ የገሱባ ከተማ ሴቶች ናቸው። የአንድ አርባ ምንጭ ሎጅ ዕቃ ገዢ ቦርሳውን ወደደና፣ አካባቢን እንደማይጎዳ እንግዶቹ የሚያውቁበት መለያ ይኑረው አለ። ቅዳሜ መጥቶ ያያል፤ ካልጣመው ከሌላ ይገዛል። ሴቶቹ ደግሞ ለበዓሉ የተማመኑት በዚህችው ሽያጭ ነው።

ማተሚያ ቤት ሄጄ ምሕረት የምትባል ዲዛይነር አገኘሁ። የሚያብረቀርቅ፣ ውኃ የማይነካው፣ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ስቲከር አዘዝኳት። ሥዕሉን ሠርታ አሳየችኝ፤ ያምራል። ማተሙን ግን እንቢ አለች።

«ጋሼ፣ ስቲከሩ ራሱ እኮ ፕላስቲክ ነው።»

«ማን ያያል?»

«ቦርሳው ሲበሰብስ እሱ ብቻውን ይቀራል። ያኔ ሁሉም ያያል።»

ተናድጄ ወጣሁ።

ዓርብ ከሰዓት በዘንቢል የእንሰት ቅጠል ቁራጭ ይዛ ሱቄ መጣች። እናቷ ቅቤ ሻጭ ናቸው፤ መጠቅለያውን ቅጠል እሳት እያሳዩ ሲያለዝቡት እያየች ነው ያደገችው። እሷም እንደዚያው አለዝባ፣ ብረታ ብረት ቤት ያሠራችውን ማኅተም አግላ፣ ቅጠሉን ሳትበሳ ተኩሳበታለች። የእንሰት ምስል ነው፤ ከሥሩ «ቃጫ ብቻ» ይላል። ቀለም የለው፣ ሙጫ የለው፤ በቃጫ ይታሰራል። ዕድሜዬን ሙሉ ቅቤ በቅጠል ተጠቅልሎ ስገዛ ኖሬ ስቲከር ፍለጋ መዞሬ ራሴን አሳቀኝ።

ቅዳሜ ገዢው መጣ፤ ምሕረትም ሱቄ ነበረች። መለያውን ጎተተ፣ አሸተተ፣ አጠፈ። አልተሰነጠቀም።

«እሺ፣ እንግዳው በጥሶ ቢጥለውስ?» አለና አንዱን ደጃፍ ላይ ወረወረው።

ለበዓል ወደ ገበያ የምትነዳ ፍየል ደረሰች። አነሳችው፣ አኘከች፣ ዋጠች። ከዚያ ሌላ ይኖር እንደሆነ ቀና ብላ አየችን።

ምሕረት «መልሱ ይኸው» አለች። ሰውዬው እየሳቀ ቦርሳዎቹን በሙሉ ወሰደ። የገሱባ ሴቶችም በዓሉን ደስ ብሏቸው ዋሉ።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የምስክር ወረቀት ብዙ አይቻለሁ፤ ተበልቶ ያሳመነ ግን ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። አሁን አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማማክረው እሷን ነው። ክፍያዋ ቀላል አይደለም። እኔ ግን ዋጋ አልከራከራትም፤ የሚያውቀኝ ሰው ይህ ከኔ አፍ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።